አስራ ሁለተኛው ክፍል የት ገባ?

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ ፊልም ፍላሽ ላይ የሚጭን ቤት አለ። ልጁን «የእንግሊዞቹን ኮሜዲ፣ ፎልቲ ታወርስን» አልኩት። «ሚስተር ቢንን ነው?» አለኝ። ጅማ ውስጥ የእንግሊዝ ቀልድ ማለት እሱ ብቻ ነው መሰለኝ! ግን ፈልጎ አገኘልኝ፤ ዋጋውም አይጎዳም።

ጉዱ ቤት ስገባ ታየ። ተከታታዩ በፈረንጆቹ 1975 እና 1979 የተላለፈ፣ በጠቅላላው 12 ክፍል ብቻ ነው። እኔ ፍላሽ ላይ ያለው 11። የጎደለው ደግሞ የመጨረሻው፣ ታሪኩ የሚካሄድበት ሆቴል ውስጥ አይጥ የምትጠፋበት! በነጋታው ተመለስኩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ» ብሎ በነጻ ጫነልኝ። ድምፁ ግን ከምስሉ ይቀድማል፤ የሆቴሉ ባለቤት ባዚል አፉን ሳይከፍት ጩኸቱ ይሰማል። እኔ እንደሆን ሳቄን አላቆምኩም።