ዌብቪው2 ለወሎ ሱቆች ፕሮግራም፦ ይጠቅማል፣ አጫጫኑን ግን እወቁበት

ለደሴ ፋርማሲ ወይም ለኮምቦልቻ መጋዘን የሽያጭ ፕሮግራም የምትጽፉ፣ ደረሰኙንና ሪፖርቱን በኤችቲኤምኤል ሠርታችሁ እዚያው መስኮቱ ውስጥ ማሳየት ከፈለጋችሁ የምንመክረው የማይክሮሶፍትን ዌብቪው2 ነው። በፕሮግራማችሁ መስኮት ውስጥ ድረ ገጽ የሚያሳይ ኮንትሮል (የመስኮት ክፍል) ሲሆን ሞተሩ የኤጅ ብራውዘር ነው፤ በሲሻርፕም በሲፕላስፕላስም ይሠራል። የድሮውን «ዌብብራውዘር» ኮንትሮል ተዉት። ውስጡ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነው፤ በሬጅስትሪ ካላዘዛችሁት ገጹን እንደ ሥሪት 7 ነው የሚያሳየው።

ኮዱ አጭር ነው። ፓኬጁን ከኑጌት (ከዶትኔት የፓኬጅ ማከማቻ) ታወርዳላችሁ፣ ኮንትሮሉን ፎርሙ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ ሞተሩን የሚያዘጋጀውን «ኢንሹርኮርዌብቪው2ኤሲንክ»ን በ«አዌይት» ትጠራላችሁ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ«አዌይት» ፈንታ «ዌይት» ወይም «ሪዛልት» ከተጠቀማችሁ የመስኮቱ ትሬድ (መስኮቱን የሚያንቀሳቅሰው የሥራ መስመር) ዝግጅቱ እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ዝግጅቱም ለማለቅ ያንኑ ትሬድ ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ሃንግ አድርጎ ይቀራል።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል፣ ምክንያቱም በእናንተ ላፕቶፕ ላይ አይታይም። ኮንትሮሉ ኩኪና ካሽ የሚያኖርበት ፎልደር ካልተነገረው ከፕሮግራሙ ፋይል አጠገብ ሊፈጥር ይሞክራል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ ይሳካለታል። ሱቁ ላይ ግን ፕሮግራሙ የተጫነው «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ነው፤ የካሸሯ አካውንት ደግሞ እዚያ ለመጻፍ ፈቃድ የለውም። «አክሰስ ዲናይድ» ይመጣል፣ ገጹም ባዶ ይሆናል። ኢንቫይሮመንቱን (የሞተሩን ቅንብር የሚይዘውን ኦብጀክት) ስትፈጥሩ «ሎካል አፕዳታ» ሥር የራሳችሁን ፎልደር ስጡት። ብዙ መስኮት ካላችሁ ሁሉንም በዚያው ኢንቫይሮመንት ክፈቱ፤ አንዱን የብራውዘር ፕሮሰስ ስለሚጋሩ ራም ይቆጥባል።

ወሎ ላይ ዋናው ጉዳይ ራንታይሙ፣ ማለትም ሱቁ ኮምፒውተር ላይ መጫን ያለበት ሞተሩ ራሱ ነው። ከዊንዶውስ 11 ጋር አብሮ ይመጣል፤ ዊንዶውስ 10 ላይ መኖሩን ፈትሹ። 2 ሜጋ ባይት ገደማ የሆነችው ትንሿ መጫኛ ቀሪውን ከኢንተርኔት ነው የምታወርደው፤ ኔትወርክ መሃል ላይ ሲቋረጥ ሥራው ይበላሻል። ከ100 ሜጋ ባይት በላይ የሆነውን ሙሉ መጫኛ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ የ64 ቢትና የ32 ቢቱን ለየብቻ። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ከፕሮግራሙ ጋር የሚታሸገው «ፊክስድ» ሥሪት ከ250 ሜጋ ባይት ያልፋል፤ ማሻሻያውም የእናንተ ዕዳ ነው፣ ስለዚህ ካልተገደዳችሁ አትግቡበት። ባቲ ወይም ሐይቅ ላይ ዊንዶውስ 7 ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ከገጠማችሁ የመጨረሻው የሚሠራ ሥሪት 109 ነው፤ የደኅንነት ጥገና ስለማይደርሰው የራሳችሁን ገጽ ብቻ አሳዩበት።

በደብሊውፒኤፍ (በዶትኔት የመስኮት መሥሪያ) ለምትሠሩ፦ ተራው ኮንትሮል የራሱ መስኮት ስላለው በላዩ የምትስሉት ቁልፍ ወይም ሜኑ ከሥሩ ይደበቃል። ቁልፎቹን ጎን ላይ አድርጉ።

ደረሰኙ ላይ ፊደሉ ያስቸግራል። ዊንዶውስ 7 አማርኛን በ«ኒያላ» ያሳያል። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ተጨማሪ ፎንት ስለሆነ ካልተጫነ በ«ኢብሪማ» ይተካል። የሁለቱ ስፋት አንድ አይደለም፤ እናንተ ጋ በአንድ መስመር የገባው «ፓራሲታሞል 500 ሚ.ግ. 2 ፓኬት» ሱቁ ላይ ለሁለት ይሰበርና ዋጋው ከዕቃው መስመር ይወርዳል። ስለዚህ ነፃውን «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ወይም «አቢሲኒካ ሲል» በፎልደራችሁ አስገቡና በሲኤስኤስ ጥሩት። ፎልደሩን ከቨርቹዋል ሆስት ስም (ፎልደሩን እንደ ድረ ገጽ ከሚያስከፍት የይስሙላ አድራሻ) ጋር አያይዙት እንጂ ሁሉንም ነገር ገጹን እንደ ጽሑፍ በሚቀበለው «ናቪጌት ቱ ስትሪንግ» አትላኩ፤ ወሰኑ 2 ሜጋ ባይት ነው፣ ፎንትና ሎጎ ሲታከልበት ቶሎ ይሞላል። ስታትሙም የገጹን ስፋት ራሳችሁ ስጡት። ልኩ በኢንች ነው፣ ካልነገራችሁት 8.5 ይወስዳል፤ ለ80 ሚሊ ሜትር ወረቀት 3.15 ጻፉ፣ ኅዳጉንም በአራቱም ጎን ዜሮ አድርጉት።