ጎንደር ውስጥ ተራራ መውጣትና መምራት መማር የምትፈልጉ፣ እኚህን ሰው ሳታገኙ ለማንም እንዳትከፍሉ

ምስጋናዬን በሆዴ ይዤ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው። እግረ መንገዴንም እንደኔ ተራራ ለሚወድ፣ ነገ ሰው ይዞ መውጣት ለሚያስብ ሁሉ ልጠቁም።

ሰውየው ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። እኛ ሰልጣኞቻቸው ጋሼ ነው የምንላቸው። የደባርቅ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሰሜን ተራሮች ላይ በአስጎብኚነት አሳልፈው አሁን ኑሯቸው ጎንደር ነው።

እሳቸው ጋ ከመድረሴ በፊት ሌላ ቦታ ከፍዬ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። የተራራ መሪነት ስልጠና ነው ተብለን ደህና ብር ከፍለን ተመዘገብን። አዳራሽ ውስጥ ስላይድ ሲያሳዩን ሰነበቱ። ከዚያ መኪና ላይ ጫኑንና ከጎንደር ተነስተን በዚያው ቀን ሰሜን ተራሮች ላይ ያለው የጨነቅ ማደሪያ ገብተን አደርን። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጨነቅ 3,600 ገደማ ነው። ሰውነታችን ከፍታውን ስላልለመደ ሌሊቱን ግማሾቻችን ሲያስመልሰን አደረ። አንዷ ልጅ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው ብላ ስታለቅስ አስተባባሪው «ወኔ ከሌለሽ ለምን መጣሽ?» አላት። ይሄ ንግግር እስካሁን ያንገበግበኛል። ገመዱም ሄልሜቱም ለፎቶ ነበር። ፎቶ ተነሳን፣ ሰርተፍኬት ታደለን፣ በቃ። ያንን ወረቀት ይዞ ነገ የሰው ልጅ ገደል አፋፍ ላይ የሚመራ አለ እኮ! ያናድዳል።

ጋሼ ጋ የወሰደኝ የአክስቴ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ቀን የነገሩን የማያስተምሩንን ነው። «የበረዶ መጥረቢያ አያያዝ፣ ግግር በረዶ ላይ መሄድ፣ ይሄንን እዚህ አላስተምራችሁም። አገራችን ግግር በረዶ የላትም። ያንን አውሮፓ አልፕስ ሄዳችሁ ትማራላችሁ፤ እኔ እዚያ ስትሄዱ እንዳታፍሩ አደርጋችኋለሁ» አሉን። ገንዘብ ተቀብሎ እንዲህ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ነው፣ በእግር ይወጣል። የኬንያ ተራራ ከፍተኛው ጫፍ ባቲያን ግን 5,199 ነው፣ ያለ ገመድ አይሞከርም። እኔ ልዩነቱን ያወቅኩት ከእሳቸው ነው።

የገመዱን ሥራ በዝርዝር ላስረዳችሁ አልችልም፣ እጄ ነው የሚያውቀው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አለት ላይ ስንለማመድ ማንም ሰው ቋጠሮው በሌላ ሰው ሳይታይ እግሩን አያነሳም። እኔ የጓደኛዬን አያለሁ፣ እሱ የእኔን ያያል። የጋሼንም ቋጠሮ እኛ ነን የምናየው። የመጀመሪያ ቀን የመጣ ልጅ እንኳ «ጋሼ ይቅረቡ፣ ልይልዎ» ሲላቸው ቆመው ይጠብቁታል።

መምራትንም በየተራ ያስመሩናል። የምትመራው ልጅ ደካማውን ከፊት ታደርጋለች፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደምንመለስ ሳንነሳ ትናገራለች፣ ያ ሰዓት ከደረሰ ጫፉ ቢታይም እንመለሳለን። ሻይ ሲፈላ መጀመሪያ የሚቀዳው ለበቅሎ ነጂውና አብሮን ለሚሄደው የፓርክ ጠባቂ፣ ለስካውቱ ነው። ይሄንንም እንደ ትምህርት ነው የሚይዙት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ታናሽ ወንድሜም አብሮኝ ይሰለጥን ነበር። ወደ ቧሂት ተራራ ስንሄድ ጋሼ አላጣደፉንም። ደባርቅ አደርን፣ ሳንቃበር አደርን፣ ግጭ አደርን፣ ከዚያ ነው ጨነቅ የገባነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የዛሬው ማደሪያ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ማለት የለበትም ይላሉ። እንዲያም ሆኖ በማግስቱ ጅብራ በሚባለው ረጅም የደጋ ተክል መሀል ስንወጣ ወንድሜ ዝም አለ። እሱ ዝም የሚል ልጅ አይደለም። ራሴን ትንሽ አመመኝ እንጂ ደህና ነኝ አለ። እኛም አመንነው።

ጋሼ አላመኑትም። ሁላችንንም አቆሙንና በዱላቸው መሬቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። «ና የኔ ልጅ፣ ተረከዝህን ከጣትህ እያስነካህ በዚህ ላይ ሂድልኝ» አሉት። ጥቂት ተራመደና ከመስመሩ ወጣ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ወጣ። እኔ ሳቄ ሊመጣ ሲል የጋሼን ፊት አየሁት። ከፍታው ጭንቅላቱን ሲነካው ሚዛን ይጠፋል አሉ፤ እንዴት እንደሆነ ሐኪም ይንገራችሁ። ጫፉ ከፊታችን ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድም ሰው አልተከራከረም። እሳቸው ቦርሳውን ተሸክመው፣ ክንዱን ይዘው ወረዱ። ጨነቅ ላይ መኪና ቀድመው አስቁመው ነበር ለካ። በዚያው ቀን ደባርቅ ወረድን፣ ዝቅ ባልን ቁጥር ልጁ ወሬው እየተመለሰ መጣ። ጎንደር ያየው ሐኪምም በጊዜ መውረዱ ነው ያተረፈው ብሎናል።

የመኪናውን ኪራይ ልክፈል ብል አሻፈረኝ አሉ።

በዚህ አላበቃም። እናቴ ቀድሞም ልጆቼን ገደል ልትከቱብኝ ነው ትል ስለነበር ይሄን ስትሰማ እሳት ሆነች። ጋሼ ሙዝና ብርቱካን ይዘው ቤታችን መጡ። ቁጣዋን ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ «እህቴ፣ ልጅዎ ደካማ ሆኖ አይደለም፣ ጉልበተኛም ይታመማል። የሚገድለው መታመሙ ሳይሆን እያመመው መውጣቱ ነው» አሏት። እናቴ ዝም ብላ ቆየችና ተነስታ ቡና ቆላች። አሁን ወንድሜ ልምምድ ሲቀር የምትቆጣው እሷ ናት። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ ጋሼ!

ወገኖቼ፣ በተለይ አስጎብኚነት የምታስቡ ልጆች፣ በተለይ ሴቶች፣ ሂዱ። ወላጆችም ሳትፈሩ ላኩ። ሰርተፍኬት ቶሎ አይሰጡም፣ አንዳንዱን «ገና ነህ» ብለው ይመልሱታል፤ እኔም ገና ተብያለሁ፣ ደስ ብሎኝም ነው የምቀጥለው። ሰው ይዤ የምወጣው እሳቸው በቅተሻል ሲሉኝ ብቻ ነው።

አዲስ ቡድን የሚጀምሩት ዝናቡ ሲያቆም፣ ከመስቀል በኋላ ነው። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ፣ ፈቅደውልኛል። እግራችሁ የለመደው ጫማና ሙቅ ልብስ ያዙ፤ ገመዱም ሄልሜቱም እሳቸው ጋ አለ።