የጋራዥ በራችን 14 ወር ሲሞላው

የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። አገር ቤት ጋራዥ ሲባል ትዝ የሚለን መኪና የሚጠገንበት ቦታ ነው። እዚህ ግን የቤቱ ዋና መግቢያ እሱ ሆኗል። ከሥራ ስንመለስ በእሱ፣ አስቤዛ ስናስገባ በእሱ፣ ልጅ ይዘን ስንወጣ በእሱ ነው፤ የፊቱን በር የሚያንኳኳው እንግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ አሮጌው በር ሲበላሽብኝ ርካሹን አስገጥሜ ከመገላገል ይልቅ ጠያይቄና አንብቤ ገዛሁ። አሁን 14 ወር ስለተጠቀምኩበት የወደድኩትንም ያስከፋኝንም ልንገራችሁ።

አሮጌው በር ያከተመለት በጥር ወር አንድ ሌሊት ነው። ጥይት የተተኮሰ መስሎን እኔም ባለቤቴም በርግገን ተነሳን። ጠዋት ጋራዥ ስገባ ከበሩ በላይ በአግድም ዘንግ ላይ የተጠመጠመው ሞላ ለሁለት ተበጥሶ፣ በመሃሉ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ያኔ ምንም አላውቅም ነበርና ሪሞቱን ተጫንኩ። ሞተሩ አቃሰተ፣ በሩ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ቆመ። ደግሜ ተጫንኩ። ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። ሞላው ተበጥሶ ሳለ ያ ሁሉ ክብደት የተንጠለጠለው በሞተሩ ላይ ብቻ ነበር፤ በሩ ቢለቅ ኖሮ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይጨፈልቅ ነበር።

ከዚያ ቀን የተማርኩት ትልቁ ነገር በሩን የሚያነሳው ሞተሩ አለመሆኑን ነው። የሚያነሳው ሞላው ነው። አዲሱ በር 16 ጫማ በ7 ጫማ የሆነ፣ ሁለት መኪና የሚያስገባ፣ በሁለት ላሜራ መካከል ፎም የተሞላ ነው፤ ክብደቱ ወደ 80 ኪሎ እንደሚጠጋ ገጣሚው ነግሮኛል። ሞላው በትክክል ከተወጠረ ያን ክብደት በብረት ገመዶቹ በኩል ራሱ ይሸከመዋል፣ የሞተሩ ሥራ በሩን መምራት ብቻ ይሆናል። ሞተር ሲያቃስት ሰምቶ ሞተር የሚቀይር ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚያወጣው ያለ ቦታው ነው።

ሞላው ዕድሜው የሚቆጠረው በዓመት ሳይሆን በመክፈትና መዝጋት ነው። በሩ አንዴ ተከፍቶ ሲዘጋ አንድ ይባላል። የተለመደው ሞላ ለ10,000 ጊዜ ነው የሚሠራው። በቀን አራቴ ለሚከፍት ቤተሰብ ይህ ሰባት ዓመት ያህል ነው። እኛ ግን እኔ ሌሊት ኤርፖርት ስገባ፣ ባለቤቴ ጠዋት ስትወጣ፣ ልጅ ስትመጣ ስትሄድ በቀን ስምንት ጊዜ እንከፍታለን፤ በዚያ ሂሳብ ሦስት ዓመት ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 120 ዶላር ጨምሬ ለ25,000 ጊዜ የተሠራ ሞላ አስገባሁ። ከዚህ ግዢ ውስጥ በጣም የተደሰትኩበት ገንዘብ ይኸው ነው። ሻጩ ራሱ አላነሳልኝም ነበር፣ እኔ ጠይቄ ነው። እናንተም ጠይቁ፤ አንዱ ሞላ ቢበጠስ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አስቀይሩ፣ ሌላውም እኩል ነው የሠራው።

በሩና ሞተሩ ከነገጠማው 2,900 ዶላር ፈጅተዋል። ሞተሩን በካቴና ከሚሠራው ይልቅ በቺንጋ የሚሠራውን መረጥኩ፣ ምክንያቱም መኝታ ቤታችን ከጋራዡ በላይ ነው፤ እኔ ደግሞ የምወጣው ከንጋቱ አሥር ሰዓት ላይ ነው። በአሮጌው ካቴና ልጄ በየሌሊቱ ትነቃ ነበር። በአዲሱ 14 ወር ሙሉ አንድ ሌሊት አልቀሰቀስኳትም። ሞተሩ ባትሪም አለው። ባለፈው የጸደይ በረዶ መብራት ሁለቴ ሲጠፋ ሁለቴም ያለ ችግር ወጥቼበታለሁ። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 2019 ወዲህ እዚያ የሚሸጥ ሞተር ሁሉ ባትሪ እንዲኖረው በሕግ ያስገደደችው ከ2017ቱ የሰደድ እሳት በኋላ ነው፤ መብራት ጠፍቶ በሩን መክፈት አቅቷቸው መውጫ ያጡ ሰዎች ነበሩ። በተለይ ጉልበት የሌላቸው ሽማግሌዎች ያሉበት ቤት ባትሪ የሌለው ሞተር ባይገዛ እላለሁ።

ያስከፋኝ ግን ገጠማው ነው። በበሩ ግራና ቀኝ እርስ በርስ የሚተያዩ፣ መካከላቸው ሰው ወይም ዕቃ ሲገባ በሩን የሚመልሱ ሁለት ዓይኖች (ሴንሰሮች) አሉ፤ አንዱ የማይታይ ጨረር ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። በአሜሪካ ከ1993 መጀመሪያ ወዲህ የሚመረት የመኖሪያ ቤት ጋራዥ ሞተር እንዲህ ያለ መከላከያ እንዲኖረው ሕግ ያዛል፤ ሕጉ የመጣው በበር ሥር ተይዘው የሞቱ ሕፃናት ስለነበሩ ነው። ዓይኖቹ ከወለሉ ከ6 ኢንች፣ ማለትም ከ15 ሳንቲሜትር በላይ መሆን የለባቸውም። በሁለተኛው ወር መመሪያውን ቁጭ ብዬ ሳነብ ይህን አገኘሁና ሜትር ይዤ ወረድኩ። የእኛ 31 ሳንቲሜትር ላይ ነበር የተሰቀለው! ልጄ ያኔ ገና እየዳኸች ነበር። ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ በዓይኖቹ መካከል ያለውን መስመር በእጄ ለካሁት፤ የተኛ ሕፃን ከሥሩ ያልፋል። ደወልኩ፣ መጥተው ዝቅ አደረጉት፣ ይቅርታም ጠየቁ። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሳላውቅ መኖሬን እስካሁን አልረሳሁትም። ዛሬውኑ ሜትር ይዛችሁ የእናንተን ለኩ።

በጥቅምት ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በራችን ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ተቀባዩ ዓይን ላይ ቀጥ ብላ ታርፋለች፣ በሩም መዝጋት ይጀምርና መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ተመልሶ ይከፈታል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ሁለቱን ዓይኖች ፈተህ አንድ ላይ በፕላስተር ጠቅልለህ ጣሪያው ላይ ስቀላቸው፣ ትገላገላለህ" አለኝ። እንዲህ ያደረጉ ቤቶች ብዙ ናቸው። እባካችሁ አታድርጉት። ያ በር ከዚያ በኋላ ልጅ ሥሩ ብትቆም የሚያያት ዓይን የለውም። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ላኪውንና ተቀባዩን ቦታ አቀያየርን፣ ተቀባዩ ጥላው ወዳለበት ጎን ሄደ፣ ችግሩ አበቃ።

በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሁለት ፈተና አደርጋለሁ፣ ሁለቱም አሥር ደቂቃ አይፈጁም። መጀመሪያ በሩን ሙሉ በሙሉ ዘግቼ ቀዩን ገመድ ስቤ ከሞተሩ አላቅቀዋለሁ። የምስበው በሩ ተዘግቶ ሳለ ብቻ ነው፤ ተከፍቶ ሳለ ቢሳብና ሞላው የተበላሸ ከሆነ በሩ ይወድቃል። ከዚያ በእጄ እስከ ወገብ ከፍ አድርጌ ቀስ ብዬ እለቀዋለሁ። ጤነኛ በር እዚያው ይቆማል። በ11ኛው ወር ግን የእኛ ቀስ እያለ ወረደ፣ ወለሉን እስኪነካ አልቆመም። ሞተሩ ላይ ምንም የተለየ ድምፅ አልነበረም፤ ይህን ፈተና ባላደርግ ኖሮ አላውቀውም ነበር። ባለሙያ ጠራሁ፤ ሁለት የብረት ዘንጎች በሞላዎቹ ራስ ቀዳዳ እያፈራረቀ ከቶ እያንዳንዱን ሞላ ሩብ ዙር ጨመረለትና ሄደ። አጠገቡ ቆሜ ሳየው ሲይዝ ክንዱ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚህ ከፍታ ያለ በር ሞላው ሲገጠም ሰባት ዙር ተኩል ያህል ነው የሚጠመጠመው፤ ያ ሁሉ ኃይል ውስጡ ታምቆ ተቀምጧል። በዘንግ ፈንታ ካቻቪቴ ከትተው የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። ካቻቪቴው ካመለጠ ጥርስም ጣትም ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው ፈተና ለልጆች ነው። ወደ 4 ሳንቲሜትር የሚወፍር ጣውላ በበሩ መሃል ወለሉ ላይ በጠፍጣፋው አስተኝቼ በሩን እዘጋለሁ። ጣውላውን ሲነካ ወዲያው ተመልሶ መከፈት አለበት። ገፍቶ የሚቆም ወይም የሚጫን ከሆነ የሞተሩ ኃይል እስኪስተካከል ድረስ ባይጠቀሙበት ይሻላል።

ፊት ለፊታችን የሚኖሩ የአገራችን ሰው፣ ዕድሜያቸው ሰባ ያለፈ፣ አገር ቤት በመካኒክነት የኖሩ ናቸው። ባለፈው በጋ አንድ ቀን በራቸው ሥር ተንበርክከው፣ ታችኛው ጥግ ላይ ያለውን ብረት በቁልፍ ሲፈቱ አየኋቸው። ገመዱ የታሰረበት ብረት ነው፤ ብሎኖቹ ቀይ የተቀቡት እንዳይነኩ ነው።

"ጋሼ፣ እባክዎ ይተዉት፣ እሱ ተወጥሮ ነው ያለው!" አልኳቸው ሮጬ ሄጄ።

"ምን ይሆናል፣ ሁለት ዳዶ እኮ ነው" አሉኝ።

ገመዱን በጣቴ ሳልነካ አሳየኋቸው፦ ከታች ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ክሮች ተበጥሰው እንደ ጢም ወጥተዋል። ዝም ብለው ጥቂት ካዩት በኋላ ቁልፉን አስቀመጡ። "እውነትህን ነው። ሞተር ሠላሳ ዓመት ፈትቻለሁ፣ እንዲህ ተወጥሮ የሚጠብቅ ነገር ግን አልፈታሁም" አሉኝ። ያን ዕለት ቡናቸውን ጠጥቼ ነው የወጣሁት። በማግስቱ ባለሙያ መጥቶ ገመዶቹን ቀየረላቸው።

ሞላ፣ ገመድ፣ ታችኛው ጥግ ያለው ብረት፣ እነዚህን ለመፍታትም ለማጥበቅም አልነካም። ማጠፊያዎቹ ላይ የላሉ ብሎኖችን ግን አጠብቃለሁ፤ በሩ ስለሚንቀጠቀጥ በዓመት ሁለቴ መላላታቸው አይቀርም። ቅባት ላይ መጀመሪያ ተሳስቼ ነበር። ሁሉም ቤት የማይጠፋውን ዝገት ማስለቀቂያ ነፋሁበት፣ ለሁለት ሳምንት ጸጥ አለ፣ ከዚያ የነበረውንም ግራሶ አጥቦ ወስዶበት ከበፊቱ ባሰ ጮኸ። አሁን በየስድስት ወሩ ሲልከን ወይም ነጭ ሊትየም ግራሶ በማጠፊያዎቹ፣ በሞላው ላይና በሮለሮቹ (በሐዲዱ ውስጥ በሚሽከረከሩት ትንንሽ ጎማዎች) ኩሽኔታ ላይ ትንሽ ትንሽ አደርጋለሁ። የሮለሮቹን የፕላስቲክ ጎማ ግን አልቀባውም። ሐዲዱንም አልቀባም፣ በጨርቅ ብቻ እጠርገዋለሁ፤ ቅባት ካገኘ አቧራ ይይዛል።

ክረምቱ ፈተነን። አንድ ጠዋት ከበሩ ሥር ያለው ጎማ ከሲሚንቶው ጋር በበረዶ ተጣብቆ ሞተሩ ሁለቴ ሞክሮ ተወው። ሦስተኛ አልተጫንኩም። በፕላስቲክ መፋቂያ ጎማውን ከዳር ጀምሬ አላቀቅኩት፣ ወለሉን አደረቅኩት፣ ጎማውን ሲልከን ቀባሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልተጣበቀም። ሙቅ ውኃ ማፍሰስ አይረባም፣ ተመልሶ ይረጋል። በዚህ ብርድ መኪናውን ጋራዥ ውስጥ አሙቆ የሚወጣ ካለ ደግሞ በሩን ከፍቶም ቢሆን አያድርገው፤ ጭሱ በላይ ያለው መኝታ ቤት ይገባል።

ሌላው ጥቃቅን ነው። በስልክ መዝጋቱን ብዙ አልወደድኩትም። ከመዝጋቱ በፊት ይጮኻል፣ ያብለጨልጫል፣ እሱ ጥሩ ነው፤ ግን ከሥሩ ማን እንዳለ እያየሁ ካልሆነ መዝጋት አልፈልግም። ሪሞቱ በስድስተኛው ወር ከቅርብ ብቻ መሥራት ጀምሮ ነበር። ጥፋቱ ሞተሩ ላይ የገጠምኩት ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ሆኖ ተገኘ፣ ሬዲዮውን ይረብሻል። ስቀይረው ከመንገዱ ማዶ መክፈት ጀመረ።

እስካሁን ወደ 3,400 ጊዜ ያህል ተከፍቷል። ልጄ አሁን ሁለት ዓመት አልፏት የግድግዳውን ቁልፍ ለመድረስ ትንጠራራለች። ቁልፉ ያለው 1.5 ሜትር ላይ ስለሆነ ገና አትደርስበትም። በሩ ሲንቀሳቀስ ግን እጄን ይዛ እስኪቆም እንድትጠብቅ አስተምሬያታለሁ፣ "ቆመ!" ብላ ራሷ ትናገራለች፣ ከዚያ ነው የምንወጣው።