ሻጩ ስለ ሥዕሉ ነገረኝ፣ ስለ ቶሪን ግን አልነገረኝም፦ ከዘ ሆቢት ጋር ያሳለፍኳቸው ወራት

ይሄን ግምገማ የምጽፈው በቶሪን ምክንያት ነው። ቶሪን የአንድ የድሮ ጌም ገጸ ባሕርይ ነው። ድንክ ነው፣ ኩሩ ነው፣ የሚያወራው ስለ ወርቅ ብቻ ነው። ጌሙን ከገዛሁ ወራት ካለፉ በኋላም ማታ ማታ ማሽኑን የሚያስከፍተኝ እሱ ነው። ሥዕሉ አይደለም። የልጅነት ትዝታም አይደለም፤ እኔ ልጅ እያለሁ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር በዓይኔም አላየሁም።

ጌሙ ዘ ሆቢት ይባላል፣ ከቶልኪን ተመሳሳይ ስም ካለው ልብ ወለድ መጽሐፍ የተወሰደ ነው። በፈረንጆቹ 1982 ለዜድኤክስ ስፔክትረም የወጣ፣ በሥዕል የታጀበ የጽሑፍ ጌም ነው። ያላችሁበት ቦታ በጽሑፍ ይነገራችኋል፣ እናንተም ማድረግ የምትፈልጉትን በእንግሊዝኛ ትጽፋላችሁ። ወደ ምሥራቅ ሂድ። በሩን ክፈት። ገመዱን አንሳ። (ትእዛዞቹን እዚህ በአማርኛ የማስቀምጣቸው ለንባብ እንዲመች ነው።) እናንተ የታሪኩ ጀግና ቢልቦ ናችሁ፣ ዘንዶው የሚጠብቀውን ሀብት ይዛችሁ በሰላም ቤታችሁ መግባት አለባችሁ።

ስፔክትረም ደግሞ እዚህ እንግሊዝ አገር በ1982 ሚያዝያ ላይ፣ በእኛ 1974 መሆኑ ነው፣ የወጣች ትንሽ የቤት ኮምፒውተር ናት። ቁልፎቿ ላስቲክ ናቸው፣ ከቲቪ ጋር ትያያዛለች፣ ጌም የምታነበው ከካሴት ነው። ባለ 48 ኪሎባይት ሜሞሪዋ ሞዴል ስትወጣ 175 ፓውንድ ነበረች። ዘ ሆቢት ብቻውን 14.95 ፓውንድ ነበር፣ ከመጽሐፉ አንድ ቅጂ ጋር። ለካሴት ጌም በጊዜው ውድ ነው።

እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ነው የገዛሁት። ሻጩ ስለ ሥዕሉ ብቻ አወራልኝ። «በ1982 እንዲህ ዓይነት ሥዕል!» ይላል፣ ደግሞ ይመለስና «ሥዕሉን እየው እንጂ!» ይላል። የቶሪንን ስም እንኳን አላነሳም። ወንድሜ፣ የምትሸጠውን ዕቃ ተጫውተህበት ታውቃለህ? ምክንያቱም አንድ ማታ የተጫወተበት ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ሥዕሉ ሊሆን አይችልም።

ሥዕሉን ልጨርስና ወደ ዋናው ነገር ልሂድ። ሥዕሉ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ዓይናችሁ እያየ። መጀመሪያ መስመሮቹ ይሰመራሉ፣ ከዚያ ቀለሙ ክፍል በክፍል እየሞላ ይሄዳል። ይሄ የሰነፍ ሥራ አይደለም። የስፔክትረም ስክሪን 256 በ192 ነጥብ ነው፣ አንድ ሙሉ ስክሪን ከነቀለሙ 6,912 ባይት ይይዛል። ሰባት ሥዕል እንዳለ ብታስቀምጡ ያ ሁሉ 48 ኪሎባይት አለቀ ማለት ነው፣ ለጌሙ ለራሱ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ሥዕሉን ሳይሆን የአሳሳል መመሪያውን ነው ያስቀመጡት፦ ከዚህ እስከዚያ አስምር፣ ይሄን ቦታ አረንጓዴ ሙላ። ማሽኗ መመሪያውን እያነበበች እዚያው ትስላለች። በዚያ ላይ 8 በ8 ነጥብ በሆነች እያንዳንዷ ካሬ ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ አይገባም፣ ሠዓሊው ይሄንንም መሸወድ ነበረበት። የቢልቦ ቤት ክብ አረንጓዴ በር ሲሞላ ማየት ደስ ይላል። ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥዕሉን እያየሁ አልነበረም፤ ቁልፍ ተጭኜ ቶሎ ወደ ጽሑፉ ለመሄድ ነበር የምቸኩለው። ለምን? እዚያ ታች ሰዎቹ አሉ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ቡና ላይ ተነስቼ ስመለስ ነው። ምንም አልጻፍኩም ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን አዲስ ጽሑፍ አለ። ጊዜው አለፈ ይላል። ጠንቋዩ ጋንዳልፍ በሩን ከፍቶ ወጥቷል። ቶሪን ደግሞ ቁጭ ብሎ ስለ ወርቅ መዝፈን ጀምሯል። እኔ ኩሽና ነኝ፣ እሱ ይዘፍናል! ጌሙ እኔን ቆሞ አልጠበቀኝም። ዝም ካላችሁ ይሄ ዓለም ያለ እናንተ ይቀጥላል።

ይሄ እንዴት ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን ማየት ነው። በ1980 ኬን እና ሮበርታ ዊልያምስ ለአፕል ቱ ኮምፒውተር ሚስትሪ ሃውስ የሚባል ጌም አወጡ፤ የጽሑፍ ጌም ላይ ሥዕል ያስገባው እሱ ነው። ክብሩን አልነፍገውም። ግን እዚያ የምትጽፉት ሁለት ቃል ነው፣ ግሥና ስም፣ ዓለሙም እናንተ እስክትነኩት ድረስ ንቅንቅ አይልም። ዘ ሆቢት ከሁለት ዓመት በኋላ መጥቶ ሁለቱንም ሰበረ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይገባዋል። ሁለት ሦስት ነገር በአንድ መስመር ታዝዛላችሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሌላ ሰው «እንዲህ አድርግ» ማለት ትችላላችሁ።

ሰውየው ግን እምቢ ሊል ይችላል። እኔን የገዛኝ እዚህ ጋ ነው።

ኤልሮንድ ቤት ገባችሁ እንበል። ካርታ ይዛችኋል፣ ማንበብ የሚችለው እሱ ነው። ካርታውን አንብብልኝ ትሉታላችሁ። አንዳንዴ ያነባል። አንዳንዴ እምቢ ይላል። ምሳ ግን ይሰጣችኋል! ትበሉና እንደገና ትጠይቃላችሁ። ጎብሊኖች የሚባሉት ክፉ ፍጡራን ይዘው ጨለማ ጉድጓድ ሲከቷችሁ ደግሞ መስኮቱ ከፍ ያለ ነው፣ ቢልቦ ብቻውን አይደርስበትም፣ ተሸክሞ የሚያወጣችሁ ቶሪን ነው። ተሸከመኝ ትሉታላችሁ። እሱ? ቁጭ ብሎ ስለ ወርቅ ይዘፍናል። ጎብሊን ይገባል፣ ይወጣል፣ እሱ ይዘፍናል። ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ተነስ እንጂ አንተ!» ብላ ስክሪኑ ላይ ጮኸችበት፣ በአማርኛ። እሷ ያደገችው ፀጉሩ ሳይቀር አንድ በአንድ በሚታይባቸው ጌሞች ነው። በእነዚያ ላይ ግን እንዲህ ስትናደድ አይቻት አላውቅም፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ስትነካቸው የተጻፈላቸውን ተናግረው ዝም ነው የሚሉት። ቶሪን ግን የራሱ ጉዳይ አለው።

የዚህ ሁሉ ባለቤት ማን እንደሆነች ሳነብ ደግሞ ፍቅሬ ጨመረ። ጌሙን የሠራው አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ የነበረ ቢም ሶፍትዌር የሚባል ትንሽ ድርጅት ነው፣ ያሳተመው ሜልበርን ሃውስ። ዋናዎቹ ሠሪዎች ሁለት ተማሪዎች ናቸው፣ ቬሮኒካ ሜግለር እና ፊሊፕ ሚቸል። ሚቸል ዓረፍተ ነገር የሚያነበውን ክፍል ሠራ። ሜግለር ዓለሙንና ሰዎቹን ሠራች። ኮሎሳል ኬቭ የሚባለውን የቀድሞ የጽሑፍ ጌም ተጫውታ ነበር፣ አንዴ ከተፈታ በኋላ ሁሌ ያው መሆኑ ሰለቻት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሊያደርጋቸው የሚችላቸውን ነገሮች ሰጠችው፣ ተራው ሲደርስ ያለበትን ሁኔታ አይቶ፣ ዕድልም ገብቶበት፣ አንዱን ይሞክራል። ካልሆነለት ሌላ ይሞክራል። በቃ። ዕቃዎቹም ክብደትና መጠን አላቸው፣ ሰዎቹም ልክ እንደ ዕቃ ሊነሱና ሊሸከሟቸው ይቻላል፤ ቶሪን ቢልቦን መሸከም የሚችለው ለዚህ ነው። ይሄ ሁሉ ከ48 ኪሎባይት ባነሰ ቦታ ውስጥ ነው። ዛሬ በስልክ የምንላላከው አንድ ፎቶ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሜግለር ጌም መሥራቱን ትታ ወደ ሌላ የኮምፒውተር ሥራ ሄደች፣ ኋላም በአሜሪካ ፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ሠራች። ስሟ ከዚህ በላይ ሊነሳ ይገባው ነበር እላለሁ።

አሁን ይሄን ሲሰማ «ታዲያ ይሄ እንከን አይደለም ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ምክንያቱም ዕድል የገባበት ዓለም ይበላሻል። ቶሪን ከእናንተ ተለይቶ ሄዶ የሆነ ቦታ ይገደላል። የሚያስፈልጋችሁ ሰው ሞቶ ታገኙታላችሁ። ዘንዶውን በቀስት መጣል የሚችለው ባርድ ነው፣ ተኩስ ትሉታላችሁ፣ እሱም እንደ ሌሎቹ ሰው ነው፣ ሊያስቸግር ይችላል፣ እስከዚያ ዘንዶው አይጠብቃችሁም። ሁለት ሰዓት የደከማችሁበት ጉዞ በእናንተ ጥፋት ሳይሆን በሌላ ሰው ውሳኔ ሊያበቃ ይችላል። አዎ፣ ያናድዳል። እኔም ኪቦርዱን ገፍቼ የተነሳሁበት ማታ አለ። ግን ይሄን እንከን አውጡልኝ ብትሉ ከእሱ ጋር የሚወጣው የጌሙ ነፍስ ነው። ትሮሎች የሚባሉት ግዙፍ ፍጡራን ጋ ጎህ እስኪቀድ ተደብቃችሁ ስትጠብቁ፣ ብርሃን መጥቶ ድንጋይ ሲሆኑ፣ ቁልፋቸውን ስታነሱ፣ ቶሪንም በሕይወት አጠገባችሁ ካለ፣ ያ ደስታ ተጽፎ የተሰጣችሁ አይደለም። በዚያ ማታ፣ ለእናንተ ብቻ የሆነ ነገር ነው።

ሌላው ደጋግሞ የሚመጣብኝ ክርክር «በስልክህ በነፃ አለልህ እኮ፣ ለምን በአሮጌ ማሽን ገንዘብህን ታቃጥላለህ?» የሚለው ነው። አለ፣ አውቃለሁ። ማሽኑን የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች ሞልተዋል፣ ሞክሬያቸዋለሁም። ጽሑፉ ያው ነው፣ ሥዕሉም ያው ነው። ችግሩ ስልኩ ላይ በየእርምጃው አንድ ነክቶ የነበረበትን ማስቀመጥ፣ ሲበላሽም ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ቶሪን እምቢ ካለ ትመለሳላችሁ፣ እሺ እስኪል። ያኔ እምቢታው ምንም ዋጋ የለውም፣ ሞቱም እንደዚያው። እዚህ ግን ማስቀመጥ ማለት ካሴት አስገብቶ፣ ሪከርድ ተጭኖ፣ መቆም ነው። መመለስ ማለት ደግሞ ከካሴት ደቂቃዎች የሚፈጅ ንባብ ነው። ስለዚህ አታስቀምጡም። የሆነውን ተቀብላችሁ ትቀጥላላችሁ። ጌሙ የተሠራው ለዚህ ዓይነት ሰው ነው፣ እኔም የከፈልኩት ለዚህ ነው፣ አልቆጨኝም።

ስለ ማሽኗ ራሷ ብዙ አልልም፣ ትሠራለች። ለመግዛት ካሰባችሁ ግን ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ ኪቦርዱ ሥር ያለው ስስ ፕላስቲክ ከዕድሜ ብዛት ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ አንድ ረድፍ ቁልፍ አልጽፍ ካለ እሱ ነው፣ አዲስ ይሸጣል፣ መቀየሩም ቀላል ነው። ሁለተኛ ኤሌክትሪኩ 9 ቮልት ሆኖ መሐሉ ኔጋቲቭ ነው፤ ያገኛችሁትን ቻርጀር እንዳትሰኩባት! ሦስተኛ ለአዳዲስ ቲቪዎች የቪዲዮ መስመሩ ቢስተካከል ይሻላል፣ የድሮው የአንቴና መውጫ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ካሴቱ አልነበብ ካለ ደግሞ መጀመሪያ የቴፑን ድምፅ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ብዙ ጊዜ ካሴቱ ጤነኛ ነው።

የዛሬ ሻጮች፣ የግራፊክስ ካርድ የምትሸጡ ሁሉ፣ እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በሺህ ፓውንድ የምትሸጡልኝ ካርድ ውኃው ላይ ያለውን የፀሐይ ነጸብራቅ ያሳየኛል፣ እሺ። ውኃው ዳር የቆመው ሰውዬ ግን «አልሄድም» ይለኛል? እኔ ኩሽና ስሆን ቁጭ ብሎ ይዘፍናል? አርባ ዓመት አልፎታል እኮ!

ግዙት። እንግሊዝኛ መጻፍ ለማይከብደው፣ መሸነፍንም ለሚችል ሰው ዓይኔን ሳላሽ ግዛ እላለሁ። ሥዕል ፍለጋ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ የተሻለ መጥቷል። እኔ አሁን የማፈላልገው ሚቸል በ1984 ያወጣውን ሸርሎክ የሚባል ጌም ነው። እዚያ ደግሞ ባቡሮች በሰዓታቸው ይሄዳሉ አሉ፣ የዘገየ ይቀራል። የሚሠራ ካሴት ያላችሁ ካላችሁ ዋጋችሁን ንገሩኝ፣ ስለ ሥዕሉ ግን እንዳታወሩልኝ።