ስፓምአሳሲን ከስምንት ወር በኋላ፦ ያስተማርኩት ለምን አልገባውም ነበር?

የቢሯችንን የኢሜይል ሰርቨር የምይዘው እኔ ነኝ። ዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነት ነው) ላይ ኢሜይል የሚቀበለውና የሚያደርሰው ፖስትፊክስ አለ፣ ከሱ ቀጥሎ መልእክቱን ተቀብሎ የሚያስፈትሸው አማቪስ፣ አማቪስ ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዱ መልእክት ነጥብ እየሰጠ ስፓሙን (ያልተፈለገውን ኢሜይል) የሚለየው ስፓምአሳሲን። ክፍያ የለውም። ዛሬ ወድጄዋለሁ፤ የመጀመሪያው ወር ግን አበሳዬን አሳይቶኛል።

ጣጣው የጀመረው በፕሮፎርማ ነው። ደንበኛ በእንግሊዝኛ «የመጨረሻ ዋጋችሁን በአስቸኳይ ላኩልን» ብሎ ፋይል አያይዞ ሲልክ ከአጭበርባሪ ኢሜይል በምን ይለያል? ስፓምአሳሲንም ስፓም ውስጥ ይከተዋል። ሽያጭ ክፍሎች «ኧረ ደንበኛ እያመለጠን ነው» ብለው መጡብኝ።

ማታ ማታ ማስተማር ያዝኩ። ስፓሙን ለብቻ፣ ደህናውን ለብቻ እለይና በማስተማሪያው ትእዛዝ፣ በኤስኤ-ለርን፣ አስገባለሁ። ይህን ያህል ተምሬያለሁ ይለኛል። ጠዋት ሳየው ያው ነው።

አንደኛው ጥፋት የትዕግስት ነበር። ከምሳሌ የሚማረው የቤዝ ክፍሉ ቢያንስ 200 ስፓምና 200 ደህና መልእክት ሳይማር ነጥብ አይሰጥም። ስፓም ሞልቶኛል፤ ደህናው ግን 60 እንኳን አልሞላም። ሁለተኛው ያሳፍራል። ትእዛዙን የማስኬደው በሩት፣ በሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ ዩዘር፣ ነበር፤ ትምህርቱም የሩት ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። አማቪስ የሚያነበው የራሱን ዩዘር ዳታቤዝ ነው። የጎረቤት ልጅ አስጠንቼ የራሴ ልጅ እንዲያልፍ እጠብቃለሁ ማለት ነው። በአማቪስ ዩዘር እንደገና ሳስተምረውና ሁለቱም ቁጥሮች 200 ሲያልፉ፣ ቀጥሎ የገባው መልእክት ላይ የቤዝ ነጥብ ታየ። ለዚህ ሪስታርት አያስፈልግም፤ ዳታቤዙ የሚታየው እያንዳንዱ መልእክት ሲመጣ ነው።

ኮንፊግ ሌላ ታሪክ ነው። የስፓምአሳሲን ኮንፊግ ፋይል በሆነው ሎካል ዶት ሲኤፍ ላይ የስፓም መነሻ ነጥቡን (መልእክት ስፓም የሚባልበትን) ከ5 ወደ 7 ከፍ አደረግኩ። ስፓምዲን፣ ከጀርባ የሚሠራውን የስፓምአሳሲን ሰርቪስ፣ ሪስታርት አደረግኩ። ምንም! ለካ አማቪስ የስፓምአሳሲንን ኮድ ራሱ ውስጥ ጭኖ ነው የሚሠራው፤ ስፓምዲን ዞርም አይልበትም። መነሻ ነጥቡንም የሚወስደው ከራሱ ኮንፊግ ነው፤ ዴቢያን ላይ 6.31 ተብሎ ተቀምጧል። እዚያ ቀይሬ አማቪስን ሳስነሳ ነገሩ አለቀ። ሎካል ዶት ሲኤፍ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የሕጎች ነጥብና የታመኑ ላኪዎች ዝርዝር ከዚያው ይነበባል፣ ግን አማቪስ ሲነሳ ብቻ። ከሪስታርት በፊት ሊንት አድርጉ (የኮንፊግ ስህተት መፈተሻ ነው)፤ አንድ ፊደል ብትሳሳቱ መስመሩን ዘሎት ይሄዳል፣ እናንተ ሠራ ብላችሁ ትተኛላችሁ።

ሽያጭ ክፍሎችን ለማስረዳት የከበደኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ የትናንቱ መልእክት ስፓም ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ነጥቡ መልእክቱ ሲገባ ሄደሩ (የመልእክቱ ራስጌ) ላይ ተጽፏል፤ ዛሬ ያስተማርኩት ወደኋላ ተመልሶ አያርመውም። አሁንም «አስተካክለኸዋል አላልክም እንዴ?» የሚለኝ አለ። መልእክቱን በእጁ ወደ ኢንቦክስ እንዲያወጣው እነግረዋለሁ።

ቅሬታ አለኝ። በአማርኛ የሚመጡ የሥልጠና ማስታወቂያዎች አሁንም ሾልከው ይገባሉ። አርብ አርብ ሰብስቤ አስተምረዋለሁ፣ በአማቪስ ዩዘር።