የጋፒያችሁ ወር ገብቷል፦ ሳጥን፣ መረብ፣ ተክል ወይስ ሌላ አኳሪየም?

ጋፒ የምትባለው ትንሿ የአኳሪየም ዓሣችሁ ሆዷ ከጎን ሲታይ ክብ መሆኑ ቀርቶ ማዕዘን ያለው ሳጥን መስሏል። ከሆዷ በታች፣ ወደ ጭራዋ ጠጋ ብሎ ያለው ጥቁር ነጥብ ሰፍቷል። ሰው ብትሆን ወሯ ገብቷል እንል ነበር፣ የጋፒ እርግዝና ግን ራሱ አንድ ወር ገደማ ነው። ጋፒ እንቁላል አትጥልም፣ እንደተወለዱ መዋኘት የሚችሉ ጫጩቶች ነው የምትወልደው። ሴቷን ብቻዋን ገዝታችሁ ከሆነና «ወንድ በሌለበት!» ብላችሁ ከደነገጣችሁ፣ ሱቅ እያለች ከወንድ ጋር ስለነበረች ነው፤ አንዴ የተቀበለችውን ዘር ለወራት ይዛ ቆይታ ደጋግማ መውለድ ትችላለች።

አራስ ነብር ሲባል ሰምታችኋል። ጋፒ የዚያ ተቃራኒ ናት። ወልዳ ዞር ትልና ከፊቷ ያለፈውን ጫጩት ትውጠዋለች። ሌሎቹ ዓሦችም ያግዟታል። ሰው ሁሉ ጫጩቶቹን የሚያድን ዕቃ ፍለጋ የሚሮጠው ለዚህ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ሮጦ የሚገዛው መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈበትን ያቺን ግልጽ ፕላስቲክ የመውለጃ ሳጥን ነው።

ቆይ። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር መልሱልኝ፦ ስንት ጫጩት ማሳደግ ትፈልጋላችሁ? አንዲት ደህና የጎለመሰች ሴት በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 50 ትወልዳለች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከ4 ሳምንት በኋላ ደግሞ ትደግማለች። ያላችሁ 40 ሊትር አኳሪየም ከሆነ ሁሉንም ማትረፍ ማለት በሁለት ወር ውስጥ መተንፈሻ ማሳጣት ነው። የምትገዙት ዕቃ የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው፣ በዕቃው ማማር አይደለም።

ከሳጥኗ እንጀምር። አኳሪየሙ ውስጥ ትንጠለጠላለች፣ እናትየዋ ላይኛው ክፍል ትቀመጣለች፣ ጫጩቶቹ በተሰነጠቀው ወለል ወደ ታች ይወርዳሉ። ሐሳቡ ጎበዝ ነው። ችግሩ እናትየዋ በቅጡ መዞሪያ የሌላት እስረኛ መሆኗ ነው። ቀኗን በትክክል ካወቃችሁና ለጥቂት ሰዓት ብቻ ካስገባችኋት ምንም አይደለም፣ ግን ማን ያውቃል? እኔ አንዷን «ዛሬ ናት» ብዬ አስገብቼ ስድስት ቀን ሙሉ ተጠባበቅኩ፤ ምግብ አቆመች፣ ጥግ ላይ ተጣብቃ ቀረች፣ በመጨረሻ የወለደቻቸው ገና የእንቁላል አስኳላቸው ሆዳቸው ላይ የተንጠለጠለ ያልደረሱ ጫጩቶች ነበሩ፣ እሷም አልቆየችም። ጥፋቱ የሳጥኗ ሳይሆን የኔ ነው፣ ግን ሳጥን በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ የሚሠራው ጥፋት ነው። ሌላም አለ፦ በስንጥቆቹ የሚያልፈው ውሃ ትንሽ ነው፣ የተረፈው ምግብ ወለሉ ላይ ይበሰብሳል። ሳጥን ካልገዛሁ አይሆንም የምትሉ፣ ከውጭ መስተዋቱ ላይ የሚንጠለጠለውንና በአየር ፓምፕ ውሃ እየሳበ የሚያዘዋውረውን ፈልጉ። ሰፋ ይላል፣ ውሃውም አይቆምም።

መረቡ፣ ማለትም አኳሪየሙ ውስጥ የሚገባው በክፈፍ የተወጠረ የመረብ ሳጥን፣ በዚህ በኩል ይበልጣል። ውሃ እንደልብ ያልፍበታል፣ ለስላሳ ስለሆነ የፈራች ዓሣ ብትጋጭበትም አትጎዳም፣ ሰፊም ነው። ለመውለጃ ግን አይሆንም ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም አብዛኛው መረብ እናትና ልጅ የሚለይበት ወለል የለውም፤ ወለደች፣ በላች፣ አለቀ። የመረብ ቦታው ከተወለዱ በኋላ ነው። ጫጩቶቹን በትንሽ ኩባያ ከነውሃቸው እየቀዳችሁ ታስገቡና ከትልልቆቹ አፍ እስኪያመልጡ፣ ሦስት አራት ሳምንት ታሳድጉበታላችሁ። ስትገዙ ቀዳዳው ጠባብ መሆኑን፣ ክፈፉም ጨርቁን ወጥሮ መያዙን እዩ። ከረገበ ጫጩት እጥፋቱ ውስጥ ይያዛል፣ ከታች ያሉት ትልልቆች ደግሞ ጭራ ይቆነጥራሉ። አረንጓዴ ነገር ሲይዘው በአኳሪየሙ ውሃ ማጠብ ነው፣ በሳሙና እንዳይሞከር።

አሁን ወደምወደው። ተክል። ጃቫ ሞስ ወይም ሆርንዎርት በብዛት፣ በቃ። ሆርንዎርት አፈር አይፈልግም፣ ላዩ ላይ ብትጥሉት ይንሳፈፋል፣ ከጫጩት የሚጠበቀውም እዚያው መደበቅ ነው፤ እንደተወለዱ ብዙዎቹ ወደ ላይ ነው የሚሸሹት። ሞሱ መሃል ደግሞ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች ስለሚኖሩ ጫጩቶቹ እናንተ ሳታውቁት ቀኑን ሙሉ ይለቅማሉ። ከሁሉ በላይ እናትየዋን የሚነካት የለም፦ መረብ ይዞ ማባረር የለ፣ ማሰር የለ፣ በለመደችው ቤት ትወልዳለች። ኪሳራው ሁሉም አይተርፉም። አምስት፣ አስር፣ አንዳንዴም ሁለት ብቻ ይተርፋሉ። ለ40 ሊትር ደግሞ በትክክል የሚያስፈልገው ይኸው ነው! ሲገዛ አብሮ ቀንድ አውጣ ሊመጣ ስለሚችል ቀደም ብሎ በደንብ ማለቅለቅ ይሻላል፣ ሆርንዎርትም አዲስ ቤት ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፣ አትደንግጡ። ተክል የማይበረክትላችሁ ሰዎች ጥቅጥቅ ያለ ፕላስቲክ ቅጠልም ይደብቃል፣ መመገቡን ግን አይመግብም።

«የለም፣ እኔ ዘር መርጬ ነው የማራባው፣ አንድም እንዲሞት አልፈልግም» ለሚል ሰው ከአራቱ የሚያዋጣው ሌላ አኳሪየም ነው። 20 ሊትር ይበቃል። ስፖንጅ ፊልተር (ውሃውን በስፖንጅ እያሳለፈ የሚያጠራ)፣ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ የሚይዝ ማሞቂያ፣ ክዳን፣ ትንሽ ሞስ። እናትየዋን ቀደም ብላችሁ ታስገቧታላችሁ፣ እንደወለደች ትመልሷታላችሁ፣ ጫጩቶቹ ቤቱን ይወርሳሉ። ዋጋው ከፍ የሚለው በመስተዋቱ ሳይሆን አብረው በሚገዙት ዕቃዎች ነው፣ የምታጸዱትም ሁለት ቤት ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ዛሬ ገዝቶ ዛሬ ቧንቧ ከፍቶ ሞልቶ ማስገባቱ ላይ ነው። ክሎሪኑ አንድ ጣጣ ነው፣ ቆሻሻ የሚያጣራ ባክቴሪያ በሌለበት አዲስ ውሃ ላይ ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚጠራቀመው መርዛማ አሞኒያ ሌላ ጣጣ። ባክቴሪያው እንዲያድርበት ስፖንጁን ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት በዋናው አኳሪየም ውስጥ አሠሩትና ከዚያ አዛውሩት፣ ውሃውንም ከዚያው ቅዱ።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ አንድ ትንሽ አኳሪየም ላለው ሰው ሁለት እፍኝ ሆርንዎርትና አንድ መረብ። ተክሉ ያድናል፣ ያያችኋቸውን ጫጩቶች ቀድታችሁ መረቡ ውስጥ ትጨምራላችሁ። ሳጥኗን የምመክረው ሌላዋ ዓሣ እርጉዟን ስታሳድድ ለአንድ ቀን ለመለየት ነው። ለዚያም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚያሳድዳት ወንዱ ስለሆነ እሱን ማሰር ይሻላል። በነገራችን ላይ ለአንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሴት ካላደረጋችሁ ምንም ዕቃ ብትገዙ እረፍት አታገኝም።

የትኛውንም ብትመርጡ የፊልተራችሁን መሳቢያ አፍ በስፖንጅ ሸፍኑት። ከእናት አፍ ያመለጠው ሁሉ እዚያ ነው የሚያልቀው። ምግቡም ቀላል ነው፦ በጣት ዱቄት እስኪሆን የተፈጨ ፍሌክ (ስስ ቅርፊት የሚመስለው ደረቅ የዓሣ ምግብ)፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በጣም ትንሽ በትንሹ። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ይበላሉ፣ ግን ውሃውን በአንድ ቀን ያገማዋል፣ ትዕግሥት ከሌላችሁ ተዉት።

ከ4 ሳምንት በኋላ ወንዶቹ ቀለም ማውጣትና የታችኛው ክንፋቸው እንደ ዱላ መቅጠን ይጀምራል። ያኔ ከእህቶቻቸው ለዩአቸው። አለዚያ መረቡን ሳታደርቁት ለልጅ ልጅ ታወጡታላችሁ።