ሐዋሳ ያለው ትልቁ የዘር ላብራቶሪ፦ ሦስት ዓመት ሠርቼበት ያየሁት

ሰሞኑን ከግብርናና ከባዮሎጂ የተመረቁ ልጆች «እዚያ ቤት ልግባ ወይ?» እያሉ በውስጥ መስመር ይጠይቁኛል። ስሙን አልጠራም። ትልቅ የሳይንስ ኩባንያ ነው፣ እኔ የሠራሁት ሐዋሳ ባለው የዘር ላብራቶሪው ነው።

ደሞዙ አንድም ወር አልዘገየም። ዕቃው የተሟላ ነው። ባልደረቦቼ እስካሁን ይናፍቁኛል፤ ቅዳሜ ተያይዘን አሞራ ገደል አሳ እንበላ ነበር።

የከበደኝ አመራሩ ነው። በተለይ መጥፎ ውጤት ሲመጣ።

የበቆሎ ዘር ይበቅል እንደሆነ ሲፈተሽ 400 ፍሬ ይዘራል፣ በ4ኛው ቀን አንዴ ይቆጠራል፣ በ7ኛው ቀን ደግሞ የመጨረሻው። ሚያዝያ ላይ፣ ገበሬው ዘር በሚጠብቅበት ሰሞን፣ ሌሊት መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተሩም ሳይነሳ አደረ። ጠዋት ገብቼ የማብቀያ ክፍሉን ቴርሞሜትር ሳየው 25 መሆን ሲገባው 18 ይላል። ሰዓቱንና ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ፍተሻው እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት።

ስብሰባ ላይ አለቃችን መዝገቡን ብድግ አድርገው «ይሄን ማነው የጻፈው?» አሉ። ጄኔሬተሩ ለምን አልተነሳም ያለ አንድ ሰው የለም። ውጤቱም ፍተሻው ሳይደገም በዚያው ወጣ። እኔ ደግሞ የዓመቱ ግምገማዬ ላይ «ከቡድኑ ጋር አይግባባም» ተብሎ ተጻፈብኝ፣ ሥልጠና ሲመጣም ስሜ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ፣ ኋላ ለማጥፋት እንዲመች፣ መዝገቡን በእርሳስ መሙላት ጀመሩ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ዘሩ ባይበቅል ገበሬው የሚያጣው የዘሩን ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ወቅቱን ነው።

ትርፍ ሰዓትም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል፣ ከዚያ በላይ ቀን የተሠራው ቢያንስ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። እኛ በዘር ወቅት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እየቆየን «ቤተሰብ አይደለን?» ነበር የምንባለው። የሰው ሀብት ክፍል ሄጄ ስጠይቅ «አለቃህን አናግር» አሉኝ።

ቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ላብራቶሪውን እንዲያስጎበኟችሁ ጠይቁ። የሙቀት መዝገቡን ገልጣችሁ እዩት። በእርሳስ የተሞላ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ።